በደመራ ጭስ የመጣች ስም

እስቲ ቀረብ በሉ። ቡናው እስኪፈላ የአንዲት ስም ነገር ላውጋችሁ።

ዳንግላ ነን እንበል፤ ወሩ መስከረም። ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ መንገዱን ይሸፍናል፤ ረፈድ ሲል ፀሐይ ብቅ ትልና አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ አድርጎት ይታያል። አንድ ቤት ውስጥ አራስ ተኝታለች። ገንፎው ቀርቧል፤ መሀሉ ላይ የፈሰሰው ቅቤ በበርበሬ ቀልቷል። ጠያቂው ይገባል፣ ይመርቃል፣ ይወጣል። ሕፃኗ ሴት ናት። ስም ግን ገና አላገኘችም፤ የእናትና የአያት ምርጫ አልገጠመማ!

«ሄለን ነው የምትባለው» ትላለች አራሷ።

«ምን አልሽ?»

«ሄለን፣ እማዬ።»

«የፈረንጅ ስም እዚህ ቤት አይጠራም። ይመኙሻል ብያታለሁ፤ አለቀ።»

«እንዴ! ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆች ይስቁባታላ።»

«ይሳቁ! ሳቅ ገድሎ አያውቅም።»

ጥግ ይዘው ጠላቸውን ሲጎነጩ የነበሩት የነፍስ አባት ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እሌኒ በሏት» አሉ።

«እሱስ የእኛው ስም ነው፣ አባ» አሉ አያት ፈጠን ብለው።

«ሄለን ማለትም እኮ እሌኒ ማለት ነው።»

አያት አንዴ ቄሱን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ልጅቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

ቤቱን ለወግ ያህል ሠራሁት እንጂ ክርክሩ በየቤቱ ያለ ነው። የቄሱ ቃል ደግሞ እውነት ነው፤ ሄለንና እሌኒ አንድ ስም ናቸው። አንድ ስም ሆነው ሳለ ግን ወደ አገራችን የገቡት በሁለት በር ነው፤ አንደኛዋ ከሌላይቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ ገብታለች። ወጉም እሱ ነው።

ዳንግላ ያለችበት አዊ ሲነሳ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፈረስ ነው፤ አውቃለሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲወጣ፣ ያ ሁሉ ያሸበረቀ ፈረስ ሜዳውን ሲያናውጠው ያየ ሰው ሌላ ነገር ልንገርህ ቢሉት አይሰማም። የኔ ወግ ግን የጥር አይደለም፤ የመስከረም ነው። ፈረሱን ለጥር ተዉልኝና ተከተሉኝ።

ስሟ የተነሳችው ከግሪክ ነው፤ ከስፓርታ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ግድም አንድ የስፓርታ ሰው አንዲት ትንሽ የነሐስ የሽቶ ዕቃ ይዞ ወደ ኮረብታ ወጣ፤ ለስፓርታው ንጉሥ ለምኔላዎስ ሚስት ለሄለን ስጦታ ብሎም አኖራት። በዕቃዋ ላይ ስሟን አስቀርጿል። ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ቆፋሪዎች ዕቃዋን ከፍርስራሹ ሲያወጧት ስሙ ገና ይነበብ ነበር። ታዲያ የተጻፈው «ሄለን» ተብሎ አይደለም፤ ፊደሉ የሚጀምረው በ«ወ» ድምፅ ነው፦ «ወሌና»። ያ «ወ» ከግሪኮች አፍ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ በቦታው «ሀ» ቀረ፤ እሱም በጊዜው ጠፋ። ይህን «ሀ» ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ትርጉሙስ? ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። በግሪክ ቋንቋ ከዚሁ ስም ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቃል አለ፤ ችቦ ማለት ነው። ይኸው ቃል በሌላ ቦታ ለአምልኮ ዕቃ መያዣ የሚሆን ከእንጨት የተጎነጎነ ቅርጫት ማለት ይሆናል። ጨረቃ ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምዱትም አሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ችቦዋን እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ አሁን አልነግራችሁም።

የጥንት ባሕረኞች ደግሞ ሌላ አመል ነበራቸው። ማዕበል ሲነሳ በመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ ትላለች። እሳቷ ሁለት ከሆነች በሄለን ወንድሞች በካስቶርና በፖሉክስ ስም ይጠሯትና «ተርፈናል» ይላሉ። አንዲት ብቻዋን ከታየች ግን ሄለና ይሏታል፤ መርከቡ አለቀለት ማለት ነው። ወንድሞቹ ሲሆኑ ደኅንነት፣ እህቲቱ ስትሆን መዓት! ይህ ነገር ለኛ ጆሮ እንግዳ ነው ብላችሁ?

የስፓርታዋ ሄለን ታሪክ በፊልምም በመጽሐፍም ስለመጣ ብዙ አላደክማችሁም። በውበቷ አቻ የላትም ተባለ። የትሮይ ንጉሥ ልጅ ፓሪስ ከባሏ ቤት ወሰዳት፤ ግሪኮች በመርከብ ተከተሏት፤ አሥር ዓመት ተዋጉ። ሁሉም የተመኛት ሴት ናት። የዳንግላዋ አያት ሳያውቁት ለግሪኳ ሄለን ልክ የሚሆን ስም ነበር ያወጡት፦ ይመኙሻል!

በዚያ ጦርነት ውስጥ የኢትዮጵያም ስም አለበት። ትሮይ ስትጨነቅ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ጦሩን ይዞ ሊያግዛት መጣ፤ አኪሌስም ገደለው ይላሉ ግሪኮች። የእነሱ «ኢትዮጵያ» የዛሬው ካርታ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ አፈ ታሪክ መሆኑንም አልሳትኩም። ግን እስቲ አስቡት፤ ለሄለን በተደረገ ጦርነት የኢትዮጵያ ንጉሥ ሞተ ተብሎ ከተተረተ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ እሌኒ የምትባል ሴት ኢትዮጵያን ራሷን ትገዛለች። እዚያ ደግሞ እንደርሳለን።

ከማለፋችን በፊት አንድ ነገር ብቻ። ሄለንን ሁሉም ግሪክ አልኮነናትም። ከልደት በፊት በ412 ዓመት ዩሪፒደስ የተባለው ጸሐፌ ተውኔት በአቴና መድረክ ላይ ሌላ ታሪክ አሳየ። በእሱ አባባል ሄለን ትሮይን በዓይኗ አላየቻትም። ፓሪስ ይዞት የሄደው ከአየር የተሠራ ምስሏን ነው፤ እውነተኛዋ ሄለን ያን ሁሉ ዘመን በግብፅ ምድር፣ እዚሁ የዓባይ ውኃ በሚደርስበት፣ ባሏን በታማኝነት ስትጠብቅ ነበር። ስሟን ያጠፉት በሐሰት ነው ማለቱ ነው። ይህንን የሐሰት ክስ ልብ በሉት።

አሁን ሁለተኛዋ መጣች።

እሌኒ ንግሥትን የማያውቅ የለም፤ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት። የእኛ ሊቃውንት ግን ታሪኳን ከንግሥናዋ አይጀምሩም። መጀመሪያ የነጋዴ ሚስት ነበረች ይላሉ፤ የባሏም ስም ተርቢኖስ። ተርቢኖስ ለንግድ ባሕር ተሻግሮ ሳለ ክፉ ሰው ስሟን አጠፋበት፤ «ሚስትህ አልታመነችህም» አለው። ሰውየው አመነ። ተመልሶም በሳጥን ከቶ ባሕር ላይ ጣላት። ሳጥኑ ግን አልሰጠመም፤ ማዕበሉ እያንገላታ ከዳር አደረሰው። የዚያ አገር ንጉሥ አገኛት፤ አገባት፤ ቆስጠንጢኖስንም ወለደችለት። አያችሁ? ሁለቱም ሄለኖች በአንድ ክስ ተከሰው፣ ሁለቱም ከባሕር ማዶ ንጽሕናቸው ወጣ። ዩሪፒደስን አንብቦ ይህን የቀዳ ደብተራ ነበር አልልም። ሴትን በሐሜት ባሕር መጣል የየአገሩ ልማድ ስለሆነ ታሪኩም በየአገሩ ይወለዳል።

የሮም ታሪክ ጸሐፊዎች የሚሉት ከዚህ ይለያል፤ ከዝቅታ መነሳቷን ግን አይክዱም። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሠራተኛ ነበረች ይላል፤ ይህንንም ለስድብ አላለውም። በስተርጅናዋ፣ በ326 እ.ኤ.አ. ግድም፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘች። በዘመኗ የነበረው አውሳብዮስ በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ተራራ አብያተ ክርስቲያናት ማሠራቷን ጽፏል፤ ስለ መስቀሉ ግን አንድ ቃል አላሰፈረም። መስቀሉን ያገኘችው እሷ ናት የሚለው ነገር በጽሑፍ ጎልቶ የወጣው በዚያው በአምብሮስዮስ ቃል በ395 ነው፤ እሷ ካረፈች ስድሳ ዓመት አልፎ። ታሪክ ተመራማሪዎች በዚህ ይከራከራሉ። ይከራከሩ። የመስቀል በዓል ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፦ እሌኒ ኢየሩሳሌም ገባች፤ የመስቀሉን ቦታ የሚያውቅ ጠፋ። የቆሻሻ ክምር ተራራ ሆኖበታል። ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ ፍንጭ ሰጣት። እንጨት አስደመረች፣ ዕጣን ጨመረችበት፣ ለኮሰችው። ጭሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ መሬቱን ነካ። በነካበት ቦታ መስከረም 17 ቁፋሮ ተጀመረ፤ መጋቢት 10 መስቀሉ ወጣ።

እንጅባራ ላይ ደመራ ሲለኮስ ያየ ሰው ይህን ታሪክ በዓይኑ ይሰማዋል። ከተማው ብርዳም ነው፤ የጥንት ስሙ ኮሶበር። በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ቀርከሃ እዚያ እንደ ሣር ነው። ደመራው ውስጥ የገባ ቀርከሃ ደግሞ ጸጥ ብሎ አይነድም። በአንጓና በአንጓ መሀል ያለው አየር ሲግል ይፈነዳል። ጧ! ሕፃናቱ ይሸሻሉ፤ ሳይርቁ ይመለሳሉ። ችቦ የያዙት ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ከብልጭታው ያርቃሉ። ሽማግሌዎቹ ግን እሳቱን አያዩም። አንገታቸውን አቅንተው ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ መሀል የቆመው ግንድ ወዴት እንደሚወድቅ ነው የሚጠባበቁት። የዓመቱን መልካምነት ከዚያ ያነባሉ።

እንግዲህ ችቦዋን ለምን እንደመረጥኩ ገባችሁ። የግሪክ ሊቃውንት ስሟ ችቦ ማለት ይሆናል ብለው ይከራከራሉ፤ የአዊ ልጅ የግሪክኛ ፊደል ሳይቆጥር በየዓመቱ በእሌኒ ስም ችቦ ያበራል። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚ በላይ ነው ብዬ አልሰብክም። ግን ከአጋጣሚዎች ሁሉ ይህችን እወዳታለሁ።

ስሟ ወደ እኛ የመጣችበት መንገድ ግልጽ ነው። እሌኒ በ330 ግድም ስታርፍ በአክሱም ዒዛና የክርስትናን መንገድ ሊይዝ የተቃረበበት ዘመን ነበር። በገንዘቡ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ጠፍተው በቦታቸው መስቀል ገባ፤ በዓለም ላይ መስቀል ከተቀረጸባቸው የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች አንዱ የእኛው ነው። በ356 ግድም ደግሞ ከሮም ቄሣር ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ተጻፈ፤ ስለ አክሱሙ ጳጳስ ስለ ፍሬምናጦስ። የጻፈው ማን መሰላችሁ? ቆንስጣንጥዮስ፣ የቆስጠንጢኖስ ልጅ። የእሌኒ የልጅ ልጅ! ነገሩ እንዲህ ቅርብ ነበር።

ከዚያ መጻሕፍቱ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመለሱ። ስሞቹም ከነጅራታቸው መጡ፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጊዮርጊስ የሚሉት ያ የ«ስ» ጅራት የግሪክ ነው። እሌኒም እንደዚሁ። በዚያን ዘመን ግሪኮች የስሟን መነሻ «ሀ» ከአፋቸው ጥለውታል፤ መጨረሻ ላይ የነበረውም ረጅም «ኤ» ወደ «ኢ» ተለውጧል። ስለዚህ አባቶቻችን የሰሙትን ጻፉ፦ እሌኒ። ዛሬ አቴና ሄዳችሁ አንዲት ግሪካዊት ስሟን ብትጠይቋት የምትነግራችሁ ልክ እንደኛው ነው። ላቲኖቹ ግን የድሮውን «ሀ» ቀድመው ይዘውት ነበርና ሄለና አሉ፤ ከእነሱ የተቀበሉት እንግሊዞች ሄለን አደረጉት።

እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። «ዘመናዊ» የምንላት ሄለን የያዘችው «ሀ» የጥንቱ የግሪክ ድምፅ ነው። «የጥንት» የምንላት እሌኒ ደግሞ የያዘችው የኋለኛውን አነጋገር ነው። የዳንግላዋ አያትና ልጃቸው ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር የሚሟገቱት።

በሌላው ዓለም ያላትን ዘርፍ እንኳ ብንቆጥር ይመሻል። ጣልያንና ስፔን ኤሌና ይሏታል፣ ፈረንሳይ ኤሌን፣ ጆርጂያ ኤሌኔ፣ ዐረብ ሂላና፣ ሀንጋሪ ኢሎና፣ ሩሲያ የሌና፣ ዩክሬን ኦሌና። የኪየቭ ገዢ የነበረችው ኦልጋ በ10ኛው መቶ ዓመት ስትጠመቅ የወሰደችው የክርስትና ስም ይኸው ነው። አርመኖች ደግሞ መሀሉን «ለ» በጉሮሮ ድምፅ ለውጠው ሄጊኔ ይላሉ። የአርመኑን ያዙልኝ፤ አንድ አርመን ይመጣል።

ቡናው ፈላ? ይቅዱልና፤ ሦስተኛዋ እሌኒ የእኛ ናት። በጎጃም አፈር ላይ ያለች።

ይህች ሴት ሰሎሞናዊት አልነበረችም፤ ከክርስቲያን ቤትም አልተወለደችም። የሐድያው ገዥ የገራዱ ልጅ ናት፤ ከሙስሊም ቤት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አገባት፤ እሌኒ ተባለች። ስሙ እንዲያው ደስ ስላለ የወጣ አይመስለኝም። ዘርዐ ያዕቆብ ማለት እኮ በትውፊታችን የመስቀሉ ግማድ በግሸን ማርያም ያረፈው በዘመኑ የሆነለት ንጉሥ ነው። መስቀልን እንደዚያ የሚወድ ንጉሥ ሚስት እሌኒ ብትባል ማን ይገረማል?

ባሏ በ1468 እ.ኤ.አ. ሞተ። ያኔ ታሪኳ ያለቀ በመሰለ ነበር፤ ልጅ የላት፣ ዘመድ በሩቅ። አላለቀም። አልጋውን የወረሰው በእደ ማርያም እናቱን ጽዮን ሞገሳን ያጣት በአባቱ ቁጣ ተገርፋ ነው፤ እናም እሌኒን እንደ እናቱ አከበራት። ከእሱ በኋላ እስክንድር፣ ከእስክንድር በኋላ ሕፃኑ ዐምደ ጽዮን፣ ከዚያ ናዖድ ነገሡ። ነገሥታቱ አለፉ፣ እሷ አለች። በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ አገሩን የያዘችው አሮጊቷ እሌኒ ነበረች። የሙስሊም አገሩን ጠባይ ከነባህሉ የምታውቀው ከዚያው ስለተወለደች ነው፤ ከአዳል ጋር ከጦርነት ይልቅ ንግድና ሰላም ይሻላል ባይ ነበረች። ግን የዋህ አልነበረችም። በቀይ ባሕር በኩል ስጋት እየገፋ መምጣቱን አይታ ባሕር ላይ ወዳጅ ፈለገች።

አርመኑ መጣ አላልኳችሁም? ማቴዎስ የሚባል አርመን ነጋዴ በ1509 ግድም ደብዳቤዋን ይዞ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ተነሳ። ከደብዳቤው ጋር የላከችው ስጦታ ወርቅ ብቻ አይደለም፤ ከመስቀሉ ግማድ የተሠራ መስቀልም ነበረበት። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። የኢየሩሳሌሟ እሌኒ መስቀሉን ከመሬት አወጣች፤ የኛዋ እሌኒ የመስቀሉን ቁራጭ ወደ ምዕራብ ላከች። ስሙን እንዲህ አድርጎ የኖረበት ሰው እኔ ሌላ አላውቅም።

መልእክተኛው ግን መከራ አየ። ሕንድ ጎአ ሲደርስ 1512 ነው፤ ሊዝበን ሲገባ 1514። በመንገዱ አስመሳይ ነህ፣ ሰላይ ነህ እያሉ አንገላቱት። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወረደ፤ የላከችውን ንግሥት ሳያያት በዚያው ዓመት በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ ሞተ። እሌኒም ብዙ አልቆየች፤ በ1522 ግድም አረፈች። ሽምብራ ኩሬን፣ የአዳል ጦር በ1529 ያደረሰውን ያን ጥፋት፣ ሳታይ ሄደች። የለመነችው እርዳታ፣ አራት መቶ ነፍጠኛ፣ ምጽዋ የደረሰው በ1541 ነው፤ ካረፈች ከ19 ዓመት በኋላ። ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፤ በ1543 ወይና ደጋ ላይ የጦርነቱ አቅጣጫ ተለወጠ።

ደግሞ ይህን ስሙ። እነዚያው ፖርቱጋሎች በ1502 በአትላንቲክ ባሕር መሀል አንዲት ሰው የሌለባት ደሴት አግኝተው ቅድስት ሄለና ብለዋት ነበር። ኋላ ናፖሊዮን ታስሮ የሞተባት ናት። በአንዱ ባሕር ስሙን ለባዶ ደሴት ሲሰጡ፣ በሌላው ባሕር ስሙን የያዘች ሴት ደብዳቤ ትጽፍላቸዋለች!

ጎጃምን ከአዊ ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ ብታቋርጡ፣ በእነብሴ በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትጠጉ፣ መርጡለ ማርያም ትደርሳላችሁ። እሌኒ ያሠራችው ደብር ነው። በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራት፤ ልቧም እዚያ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በዚያው ቦታ ያቆሙት የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ሰው ሲሄድ ፍርስራሹን ፎቶ ያነሳል፤ የሐድያዋን ልጅ ግን ስንቱ ያስታውሳታል?

ሁለተኛው በር አጭር ነው። ዘመናዊ ትምህርት መጣ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መጣ፣ ፊልም መጣ፤ ከእነሱ ጋር ሄለን ገባች። ማየትም መስማትም ሳትችል ለዓለም የተረፈችው የአሜሪካዋ ሄለን ኬለርም ስሟን ለብዙ ተማሪ አስተዋውቃለች። ዛሬ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን በመሪነቱ ነበሩ፤ በሙዚቃው ደግሞ ሄለን በርሄ አለች። ውጭ አገር ያለው ወገናችን ጋ ስትሄዱ ደግሞ ይገለበጣል። ቤት ውስጥ እሌኒ የተባለችውን ልጅ ትምህርት ቤቷ ሄለን ይላታል። እናቷ ትበሳጫለች፤ ልጅቱ ለሁለቱም አቤት ትላለች።

አዊ ላይ ደግሞ ሌላ ስም ይጨመራል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች፤ ቄሱ በጸሎት የሚያነሷት በዚያ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ በአውኚም ትማራለች፣ በአማርኛም። ጎረቤት ደግሞ በአያቷ ምርጫ ይመኙሻል ሊላት ይችላል። አንዲት ልጅ ሦስት ስም ተሸክማ ትሮጣለች፤ ክብደቱ አይሰማትም።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ሄለን የፈረንጅ ስም ነው የሚለው አይቆምም፤ እሌኒ ያረጀ ስም ነው የሚለውም አይቆምም። እኔ የሚከፋኝ ሌላ ነው። ሄለን ተብላ የትሮይዋን ከፊልም የምታውቅ፣ የመርጡለ ማርያሟን ግን ስሟን እንኳ ሰምታ የማታውቅ ልጅ ስትገጥመኝ ይከፋኛል። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፤ የኛ ነው፤ ስሙን ሰጥተን ታሪኩን አስቀረንባት።

ስሟ ሄለን ወይም እሌኒ የሆነ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ እስቲ ይህን አድርጉላት። በስንክሳራችን የንግሥት እሌኒ መታሰቢያ ግንቦት 9 ነው። የዚያን ቀን አስቀምጧትና የኢየሩሳሌሟን ንገሯት፤ ከዚያም የጎጃሟን፣ የሐድያዋን ልጅ። የስፓርታዋን ሌላ ቀን ትደርስበታለች።